ከአምቡላንሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በጉደር የሚያልፈው አውራ ጎዳና ጌዶ ሲደርስ አንዱ ወደ ነቀምቴ፣ ሌላው ወደ ፊንጫ ይከፈላል። የጭነት መኪናውና አውቶቡሱ፣ ጋሪውና ባጃጁ፣ ወደ ገበያ የሚነዳው ከብትና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ በዚህ መንገድ አብረው ይጓዛሉ። በመንገዱ ላይ አደጋ በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ የሚደርሰው ሐኪም አይደለም፤ በአጠገቡ የነበረ ሰው ነው። ያ ሰው ገበሬ፣ የመኪና ረዳት፣ ወይም እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሕዝባችን ደግነት አይታማም። ይጮኻል፤ ይሰበሰባል፤ የተጎዳውን አንዱ በእጁ፣ ሌላው በእግሩ ይዞ በተገኘው መኪና ላይ ይጭነዋል። ይሁንና አንገቱ ወይም አከርካሪው የተሰበረ ሰው በዚህ ዐይነት ሲነሣ ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊሆን ይችላል። እሳት ወይም ሌላ መኪና ካላሰጋ በስተቀር አንገቱን ደግፎ ባለበት ማቆየት ይሻላል። ራሱን የሳተ ሰው ውሃ ቢያጠጡት ውሃው ወደ ሳንባው ይገባል። ደሙ በኃይል የሚፈስሰው ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ነገር ግን ንጹሕ ጨርቅ በቁስሉ ላይ አድርጎ ሳይለቁ አጥብቆ መጫን መድኃኒት ቤት የማያስኬድ ሥራ ነው።

አቶ ክብረት አበበ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በሰመመን ሰጪ ነርስነት ሠርተዋል። ሕመምተኛው እንዴት ሆኖ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንደ ደረሰ ከሰመመን ሰጪ ይበልጥ የሚያይ ያለ አይመስለኝም። በ2008 እ.ኤ.አ. ቤታቸውን ሸጠው በሦስት መኪናዎች ጠብታ አምቡላንስን አቋቋሙ። ብዙ ሰው የሚያወሳው ቤታቸውን መሸጣቸውን ነው፤ እኔ ግን አምቡላንሱን ከመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ጋር ማያያዛቸውን አስበልጣለሁ። መኪና ብቻውን የሚያውቀው ጭነት ማድረስን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ጋር ሲነጻጸር ሙያው ገና ልጅ ነው።

«መጀመሪያ አምቡላንስ ይገዛልን፤ ትምህርቱ ይደርሳል» የሚሉ አሉ። አምቡላንስ አያስፈልግም የሚል ማንም የለም። ነገር ግን ከከተማው ርቆ፣ በሐምሌ ጭቃ መካከል ለወደቀ ሰው መኪናው የቱን ያህል ቢፈጥን ደሙ ይቀድመዋል። ጌዶ የራሷ ሆስፒታል አላት፤ ሆስፒታሉም ሊያድን የሚችለው በሕይወት የደረሰለትን ነው።

«ብነካው እጠየቃለሁ» የሚለው ፍርሃት ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምስክርነት ተጠርቶ የተጉላላ ሰው ታሪኩን ለጎረቤቱ ሳይነግር አይቀርምና። ሆኖም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሚቀጣው ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ፣ በብርቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ሆን ብሎ ትቶ የሄደውን ነው። ይህን ከመንጃ ፈቃድ ፈላጊው ጀምሮ እስከ ረዳቱ ድረስ ሁሉም ሊያውቀው ይገባ ነበር።

በእኔ አስተያየት ትምህርቱ መጀመር ያለበት በእናንተ ክፍል ነው። በየወሩ አንድ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው ይበቃል። ለመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው አንድ ነጠላ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች፣ እንደ ተጎጂ ሆኖ የሚተኛ አንድ ተማሪና ከሆስፒታሉ ለአንድ ሰዓት የሚመጣ አንድ ነርስ ነው።