ጥፋቱን የማይናገር መለኪያ

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር በእነዚህ ዓመታት አንድ ሥራ በዝቷል። ስልክ የያዘ ወጣት ከፊት፣ ባለ ማሳው ከኋላ ሆነው በቡናው ዳር ይዞራሉ። ዝናብ ካልመጣ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ወጣቱ ስልኩን ያሳያል። መስተዋቱ ላይ አረንጓዴ ቅርጽ አለ። «አባባ፣ አለቀ» ይላል። እኔ የምሟገተው ከዚህች «አለቀ» ከምትባል ቃል ጋር ነው።

ችኮላው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ለዚህም እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ በቁጥር እንዲነገረው ይፈልጋል፤ ከ4 ሔክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ቢያንስ አንድ ነጥብ። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ተደጋግሞ ቢራዘምም የልኬቱ ሩጫ አልቆመም።

ሕጉ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 አሃዝ ይጠይቃል። በእኛ ኬክሮስ ስድስተኛው አሃዝ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ስንዝር ያነሰ። ስልክ ግን ሜዳ ላይ፣ ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት እንኳ አምስት ሜትር ያህል ይስታል። ቀረሮና ዋንዛ ከላይ በገጠሙበት፣ ቅጠሉ ውኃ በተሸከመበት ጫካ ደግሞ የሳተላይቱ ሞገድ ይደክማል፤ ከግንድ ወደ ግንድ እየነጠረም ዘግይቶ ይደርሳል፤ ስሕተቱም አሥር ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል። ስልኩ ግን ስድስቱንም አሃዝ ጽፎ ይሰጣል። አንባቢው በስንዝር የተለካ ይመስለዋል።

አሥር ሜትር ለበበቃ ዓይነት ሰፊ እርሻ ብዙ ላይሆን ይችላል። ግማሽ ሔክታር ላለው ገበሬ ግን ሌላ ነው። አራት ማዕዘን ቢሆን ግማሽ ሔክታር በየጎኑ 70 ሜትር ገደማ ነው፤ ቅርጹ አሥር ሜትር ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት የማሳው ሰባተኛ እጅ ጎረቤት መሬት ላይ ያርፋል። በአገራችን ድንበር ገፊ መባል ምን ያህል ከባድ ስም እንደሆነ ገጠር ያደገ ሰው ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ ድንበሩን አክብሮ የኖረ ሽማግሌ ሳያውቀው በፋይል ላይ ድንበር ገፊ ይሆናል። በሸካ በኩል፣ ዩኔስኮ በ2012 እ.ኤ.አ. በባዮስፌርነት በመዘገበው ደን አጠገብ ከሆነ ደግሞ ጥብቅ ደን ውስጥ ገብቷል ሊባል ነው።

መድኃኒቱ ርካሽና አሮጌ ነው፤ ኮምፓስ። ግን ስሙን ስታነሱ «ስልክ እያለ ኮምፓስ ለምን?» የሚል መልስ ይጠብቃችኋል። ይህን የሚሉት ተራ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ለልማት ሠራተኞች ሥልጠና የሚሰጡ ባለሙያዎችም ይሉታል። ኮምፓስ በጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ የቀረ ሥዕል ሆኗል። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው የምለው በአንድ ምክንያት ነው፤ በኮምፓስና በሜትር የተለካ መሬት ጥፋቱን ራሱ ይናገራል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ጥግ አቅጣጫውን በዲግሪ ማንበብ፣ ርቀቱን በሜትር መለካት፣ እንዲህ እያሉ ዞሮ መነሻው ላይ መመለስ። ወረቀት ላይ ሲሣል የመጨረሻው መስመር የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ካልገጠመ የሆነ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው፤ የስንት ሜትር ስሕተት እንደሆነም ይታያል። በየመስመሩም መቆጣጠሪያ አለ፤ ከዚህ ወደዚያ 40 ዲግሪ ካልን፣ ከዚያ ወደዚህ ስናይ 220 መምጣት አለበት። ካልመጣ አንዱ ጫፍ ላይ መርፌውን የሚስብ ነገር አለ። በ70 ሜትር መስመር ላይ አንድ ዲግሪ ብንስት የሚመጣው ጉድለት 1.2 ሜትር ገደማ ነው። የስልኩ ቅርጽ ግን ሁልጊዜ ይገጥማል። ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር በራሱ ያገናኘዋል፤ ትክክልም ሆነ ስሕተት መልኩ አንድ ነው።

ኮምፓስ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ይህን የተማርኩት ውጭ አገር ያለ ዘመዴ ከሰሜን አውሮፓ ገዝቶ በላከልኝ ኮምፓስ ነው። ውድና ያማረ ነበር፤ ሜዳ ላይ ዘርግቼ ስይዘው ግን የመርፌው ደቡብ ጫፍ ወደ ታች አዘንብሎ ወለሉን ይታከካል፤ ስዞር ይያዝብኛል። የተበላሸ መሰለኝ። አልተበላሸም ነበር። በሰሜን አውሮፓ የምድር ማግኔት የመርፌውን ሰሜን ጫፍ ከ60 ዲግሪ በላይ ወደ መሬት ይጎትታል፤ ሠሪው ይህን ለማመጣጠን ደቡብ ጫፉን ያከብደዋል። እኛ ጋ ያ ጉተታ የለም ማለት ይቻላል፤ የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር የሚያልፈው በአገራችን ላይ ነውና። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ፣ በአባ ፒየር ጉዋን መሪነት፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (1957–58 እ.ኤ.አ.) ሰሞን የተቋቋመው ቦታው ለዚህ መስመር ቅርብ በመሆኑ ነው። ይህን የመሰለ ዕውቀት በእጃችን እያለ ለወረዳ የሚገዛ ኮምፓስ ለየትኛው የምድር ክፍል እንደተመጣጠነ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ስለዚህ የሚገዛ ሰው ለምድር ወገብ አካባቢ ወይም ለመላው ዓለም የተመጣጠነ መርፌ ያለውን ይጠይቅ። ሱቁ ውስጥ ለጥ አድርጎ ይያዘውና ቀስ ብሎ ሙሉ ዙር ይዙር፤ መርፌው ላይም ታችም ሳይነካ መንሳፈፍ አለበት። ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ይሁን፤ አለበለዚያ ዝናብና ድካም ያንቀጠቀጠው እጅ ላይ መርፌው አይረጋም። ዒላማ ማያ መስተዋት ያለው ይሻላል። ከቁልፍ መያዣ ጋር የሚሸጠው ለጌጥ ነው።

አያያዙ ደግሞ ከምርጫው እኩል ነው። በጀልባ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ኮምፓሱን አንድ ጊዜ ከጀልባው ወገብ መስመር ጋር አስተካክሎ፣ ከሞተርና ከብረት አርቆ ያስራል። እኛ የምናስረው ገላችን ላይ ነው፤ በጫካ የሚሄድ ገላ ደግሞ ብረት ይበዛበታል። ገጀራ በወገብ፣ ስልክ በደረት ኪስ፣ ሞተር ብስክሌት ከጎን። አንገት ላይ በክር የተንጠለጠለ ኮምፓስ ስልኩ ላይ ተኝቶ እየዋለ ትክክል ሊያነብ አይችልም። ገጀራውን ሌላ ሰው ይያዘው፤ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ከሞተሩ በርከት ያለ እርምጃ ይራቅ። «ስልኬ ኮምፓስ አለው» ለሚሉኝም መልሴ ይኸው ነው፤ እሱም ማግኔት ነው የሚያነበው፤ ብዙ የስልክ መሸፈኛ ደግሞ ክዳኑ ላይ ማግኔት አለበት።

ጊዜ ይፈጃል ይሉኛል። እውነት ነው፤ ሁለት ሰውና ባለ 50 ሜትር መለኪያ ይጠይቃል፤ ቁልቁለት ሲሆን ሜትሩን አግድም መያዝ ግድ ነው። ይሁን እንጂ የተቆጠበው ጊዜ የቀያሹ ነው፤ የሚከፈለው ዕዳ የገበሬው። ቡናው ተመልሶ ሲመጣ፣ ወይም ጎረቤት ቀበሌ ድረስ ሲከሰው፣ ስልክ ይዞ የዞረው ልጅ እዚያ የለም። ስልኩን እንጣለው አላልኩም። ገላጣ ቦታ ላይ አቁሞ፣ ደጋግሞ እንዲያነብ ጊዜ ሰጥቶ አንድ የታመነ ነጥብ ማውጣት፤ ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ጫካው በኮምፓስና በሜትር መግባት። ልኬቱ ወደ ካርታ ሲተላለፍ ብቻ መርፌው በእኛ አካባቢ ከእውነተኛው ሰሜን ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ እንደሚያጋድል መቁጠር ያስፈልጋል፤ ካልተቆጠረ ቅርጹ ሳይበላሽ ሙሉውን ይዞራል።

ቴፒ አጠገብ በዚህ መንገድ አንድ ማሳ ስንለካ መነሻችን ላይ ስንመለስ አራት ሜትር ገደማ ጎደለን። ባለ ማሳው፣ የሰባ ዓመት አዛውንት፣ «ልጆቼ፣ ሦስተኛው ጥግ ላይ አያችሁ? የጎረቤቴ ቆርቆሮ ቤት እዚያ ነው» አሉ። ተመለስን። ወደፊትና ወደኋላ ያነበብነው አልተስማማም። ከቆርቆሮው አሥራ አምስት እርምጃ ርቀን፣ አዲስ ችካል ተክለን እንደገና ለካን። ዞረን ስንመጣ ጉድለቱ ከአንድ ሜትር በታች ሆነ። ጎረቤታቸውም ከደጃቸው ወጥተው ችካሉን አብረውን አዩ።