ሰደፉ ከተወለወለ በኋላ ጨርቁስ?

ተልባን በጾም ወቅት ያልጠጣ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ዘይቱ የጠመንጃ ሰደፍ መወልወያም ነው፤ የአደን ወራት ሲቃረብ ብዙ አዳኞች ሥራውን በቤታቸው ይሠሩታል።

ድርብርብ ሰደፍ እንደ ኮምፔንሳቶ ስስ እንጨቶች በሙጫ ተጣብቀው የሚሠራ ነው። ከአንድ ወጥ እንጨት ከተጠረበው ይከብዳል፤ በእርጥበት ግን በቀላሉ አይጣመምም።

በቅድሚያ መሣሪያው ጥይት እንደሌለው ደጋግሞ ማየት፣ ቀጥሎ ብረቱን ከሰደፉ መለየት ያስፈልጋል። እንጨቱ በ220፣ ከዚያም በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ርዝመቱን ተከትሎ ይፋቃል። ብናኙ የሙጫ ጭምር ስለሆነ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግድ ነው። ዘይቱ በስሱ ተቀብቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ፣ ሲደርቅ ይደገማል። በርሜሉ የሚተኛበት ውስጠኛው ክፍልም አይረሳም፤ እርጥበት በዚያም ይገባል። ሙጫው ዘይት ስለማይመጥ፣ ቸኩሎ በብዛት የቀባ ሰው የሚተርፈው እጅ ላይ የሚጣበቅ ሰደፍ ነው።

ዋናው አደጋ ግን ጨርቁ ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1991 በፊላዴልፊያ ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ የተነሣው ቃጠሎ መነሻው እንዲህ ያለ ጨርቅ ነበር፤ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል።

ስለዚህ ጨርቁ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ይቀመጥ፤ ወይም ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጣራ ሥር በሚያድርበት አፓርታማ፣ የአንዱ ጨርቅ የሁሉም ጉዳይ ነው።