የአባቷ ኮት ቀስተ ደመና ሆነ!

የዛሬዋን ደብዳቤ የጻፈችልኝ አባቷን በሞት ያጣች አንዲት እህት ናት።

አባቷ በጥቁርና ነጩ ዘመን በቴሌቪዥን ቀርበው ነበር። ፕሮግራሙ ከዓመታት በኋላ ሲደገም ወንድሟ በቪኤችኤስ ካሴት ቀድቶ አስቀረው። ያኔ ቤታቸው የነበረው ቲቪም ጥቁርና ነጭ ነው። አሁን ለሙት ዓመታቸው ዘመድ ተሰብስቦ እንዲያያቸው ብላ ካሴቱን ወደ ፍላሽ አስገለበጠችው። ሲከፈት ጉድ ፈላ! የአባትየው ባለ መስመር ኮት አረንጓዴና ሮዝ እየሆነ ይርመሰመሳል። እናቷ «እሳቸው ሮዝ ለብሰው አያውቁም!» ብለው ተነስተው ጓዳ ገቡ። የገለበጠላት ሰውዬ ደግሞ «ካሴቱ ሞቷል፣ ጣይው» አላት። «ምን ይሻለኛል?» ትላለች።

እህቴ፣ እንዳትጥዪው! ነገሩ እንዲህ ነው። የአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ጀምሮ ቀለም የገባው በ1977 ዓ.ም. ነው። ቀለሙ ይላክ የነበረው ከጥቁርና ነጩ ምስል ጋር ተደርቦ፣ 4.43 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። የድሮ ፕሮግራም በቀለም ዘመን ሲደገም ጣቢያው «ቀለም አለ» የሚለውን ምልክት አብሮ ከላከ፣ መቅጃው የኮቱን ቀጫጭን መስመር ቀለም ነው ብሎ ይሳሳታል። እናንተም ያኔ ያላያችሁት ቲቪያችሁ ቀለም ስለማያወጣ ነው።

ደግነቱ ቪኤችኤስ ቀለሙን የሚይዘው ከጥቁርና ነጩ ለይቶ ነው። ቀለሙን ብታነሺው ምስሉ አይነካም። መጀመሪያ ፍላሹን ቲቪ ላይ ክፈቺና «ከለር» የሚለውን እስከ ዜሮ አውርጂው። ኮቱ ረጋ? እንግዲያው አባትሽ ደህና ናቸው ማለት ነው!

ከዚያ ፍላሹ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጠሽ አስቀምጪ። በቅጂው ላይ በቪዲዮ ማስተካከያ ፕሮግራም «ሳቹሬሽን» የሚለውን ብቻ ዜሮ አስደርጊ። ብራይትነስና ኮንትራስት እንዳይነኩብሽ! ካሴቱን እንደገና ማጫወት እንኳ አያስፈልግሽም፤ ያረጀ ካሴት በተጫወተ ቁጥር ይጎዳል። ሌላ ካሴት የምታስገለብጡ ግን ገና ከመነሻው ቀለሙን ዜሮ አስደርጉ።

ካሴቱን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀሽ አስቀምጪው። እናትሽን ደግሞ ከሙት ዓመቱ ቀን በፊት ለብቻቸው አሳያቸው፤ በዘመድ ፊት ሁለተኛ እንዳይደነግጡ። ከጓዳ ሲወጡ ምን እንዳሉ ጻፊልኝ።

ሳምንት ያገናኘን!