የክንፉን ወጋግራ ማን አየው?

በ2013 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት የራያ ቆቦ ገበሬ ጅራፍ እያጮኸ፣ ጀሪካን እየደበደበ አንበጣ ከማሽላው ሲያባርር አውሮፕላን ይላክልን ብሎ ጮኸ። እሰየው! ግን ለመሆኑ የእነዚያን ትንንሽ መርጫ አውሮፕላኖች ክንፍ ማን ፈተሸው?

ኬሚካሉ ብረት ይበላል። ዝቅ ብሎ መብረሩ፣ ወዲያው ሽቅብ መነሣቱ ደግሞ ክንፉን ከሆዱ ጋር የሚያያይዘውን ወጋግራ ያደክማል። ስንጥቁ ቡሎን ቀዳዳ ውስጥ ተደብቆ ይጀምራል፤ ቀለም ቢቀቡት አይድን። በ2010 ዓ.ም. ፍሎሪዳ ውስጥ የአንዲት ማሠልጠኛ ፓይፐር ክንፍ አየር ላይ ተገንጥሎ ተማሪውም ፈታኙም አለቁ። የአሜሪካ መንግሥት ቀዳዳው በመሣሪያ ይፈተሽ ብሎ ያዘዘው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ሰው ካለቀ በኋላ!

የቆቦ ሰው ግን መርዙም ብረቱም የሚወርደው በራሱ ላይ ነው። እናንተ የሲቪል አቪዬሽን ሹማምንት፣ የትኛው አውሮፕላን በስንት ሰዓት በረራው ወጋግራው እንደታየ መዝገቡን አውጡልን። አንበጣው ተመልሶ ሳይመጣ!