ወንጭፍና አይሮፕላን

አንባቢ ሆይ፥ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ገጠር ካደግህ ማማ ላይ ቆመህ አዝመራ ከወፍ የጠበቅህበት ጊዜ አይረሳህም። ወንጭፉን በፍጥነት ስታዞረው ጠጠሩ እጅህን ወደ ውጭ ይስበዋል፤ ስትዘገይ ገመዱ ይላላል። በሽቦ ታስራ የምትበረው ትንሽ አይሮፕላንም ከወንጭፍ ብዙ አትርቅም።

ይህን ጨዋታ በአሜሪካ አገር ያስፋፋው፥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ፥ የኦሬጎኑ ጂም ዎከር ነው። አብራሪው መካከል ቆሞ ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች የታሰሩበትን እጀታ ይይዛል፤ አይሮፕላኗም ትዞረዋለች። እጀታውን ሲያዘነብል ትወጣለች፥ ትወርዳለች። ሽቦው ከላላ ግን ትእዛዙ አይደርሳትም፤ የስንት ሳምንት ድካም ባንድ አፍታ ይከሰከሳል።

ስለዚህ ብዙ ጀማሪ ሽቦው እንዲወጠርለት የጭራውን ቋሚ መሪ ከራሱ ወደሚርቀው ጎን ያጣምመዋል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ዳግመኛ ሲላላበት ግን ጨምሮ ያጣምመዋል፤ ጉዳቱም ከዚህ ይጀምራል። ጢስ ዓባይ ላይ ታንኳ ሲሻገር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ አፍንጫዋ ወደ ወንዙ ራስ፥ መንገዷ ወደ ማዶ ነው። ታንኳን የሚያሻግራት ይህ አካሄድ አይሮፕላንን ያዘገያታል፤ ነፋሱ ጎኗን ይመታታልና።

ሒሳቡን እንይ። 1 ኪሎ የምትመዝን አይሮፕላን በ18 ሜትር ሽቦ፥ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስትበር፥ 3 ኪሎ ተኩል ያህል ትስብሃለች። በ72 ኪሎ ሜትር ስትበር ግን 2 ኪሎ ከሩብ ብቻ ነው። ፍጥነቷ ከአምስት እጅ አንዱን ሲያጣ ስበቷ ከሦስት እጅ አንዱን አጣ ማለት ነው! መሪውን አለልክ ያጣመመ ሰው ሽቦውን የሚወጥርለትን ፍጥነት በገዛ እጁ ይቀንሰዋል።

እንግዲህ መሪውን ከመንካትህ በፊት ሽቦዎቹ ከክንፉ የሚወጡበትን ቀዳዳ ተመልከት። አይሮፕላኗን በሁለቱ ሽቦዎች አንጠልጥላት፤ አፍንጫዋ ጥቂት ዝቅ ካለ ደኅና ነው፤ ጭራዋ ዝቅ ካለ ቀዳዳውን ወደ ኋላ አድርገው። የሽቦውን ክብደት የሚሸከመው የውስጡ ክንፍ ስለ ሆነ፥ በውጭው ክንፍ ጫፍ ጥቂት ግራም እርሳስ ጨምር። መሪው ከሁሉ በኋላ ይምጣ፤ እርሱም ስትነሣ፥ ፍጥነት ገና ሳታገኝ፥ እንዲረዳት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ፕላኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም እንደ ሕግ አትያዘው፤ በ2,000 ሜትር ከፍታ ገደማ ባለችው በቡሬ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው፤ መሪም ክንፍም የሚይዙት ያንኑ አየር ነው።

ስለ ሜዳው አንድ ነገር ልጨምር። ጢስ ዓባይ በ1950ዎቹ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተሠራበት ስፍራ ስለ ሆነ በአካባቢው ከፍተኛ ኀይል የሚያስተላልፉ መስመሮች ያልፋሉ። አንተ የያዝኸው ብረት ነው፤ ከመስመሩ ጋር ከተገናኘ ሞት ነው። ምሰሶ ካየህ ቢያንስ የአንድ ኳስ ሜዳ ርዝመት ራቅ፤ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምርም እጀታውን አስቀምጥ።