«እኛ ባንሸጥ ሌላው ይሸጣል»

በመምህርነቴ ዘመን ጥፋት ሠርቶ ሲያዝ «ሌሎቹም አድርገውታል» የማይል ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም። ይህን ምክንያት ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አልቀበልም ነበር። ታላላቅ መንግሥታት ግን ወደሚዋጋ አገር የጦር መሣሪያ እንዲላክ ሲፈቅዱ ይህንኑ ይደግሙታል፤ «እኛ ባንሸጥ ሌላው ይሸጣል» ይላሉ።

በ1969 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር የያዘው ታንክና መድፍ የሶቪየት ኅብረት ሥሪት ነበር። በ1970 ዓ.ም. ያችው ሶቪየት ኅብረት ወደ እኛ ዞራ መሣሪያ በአውሮፕላን አጎረፈችልን። እኔ ያን ጊዜ የሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርሁ፤ ነገሩም ግራ አጋብቶኝ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተውን የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የሠራችልንም እርሷ ናት፤ ለዚህስ ምስጋና አይነፈጋትም። ዳሩ ግን ትምህርት ቤት የሰጠ ወዳጅ ሄደም ቀረም ትምህርቱ ይቀራል። መሣሪያ የሰጠ ግን መለዋወጫውንና ጥይቱን በእጁ ይዞ ተቀባዩን እንደ ታሰረ በቅሎ ይጎትተዋል። መንግሥታት የሚፈቅዱት ለገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ገመድም ጭምር ነው።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት የእኛ ሱኮይ 27 እና የእነርሱ ሚግ 29 በሰማይ ተፋለሙ፤ ሁለቱም የአንድ አገር ሥሪቶች ናቸው። የጸጥታው ምክር ቤት በየካቲት 1991 ዓ.ም. ሽያጩ እንዲቆም ከመማጸን አላለፈም። አስገዳጁ ክልከላ የወጣው በግንቦት 1992 ዓ.ም. ነው፤ በሰኔ ተኩሱ ቆመ። ካስተማርኋቸው ልጆች ዘምተው ያልተመለሱ አሉ።

«እንግዲያስ ሁልጊዜ ይከልከል ትላለህን?» የሚለኝ ይኖራል። አልልም። በ1927 ዓ.ም. ክረምት ብሪታንያ ለኢጣልያም ለኢትዮጵያም መሣሪያ አላስወጣም አለች፤ አሜሪካም በመስከረም 1928 ዓ.ም. ተከተለች። ኢጣልያ የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ አልነበረንም። ወራሪና ተወራሪን እኩል መከልከል ለወራሪው ማገዝ ነው። (ከካሣው ገንዘብ በኋላ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ፤ ሙታኑን ግን አላለበሰም።) እኔ የምለው፣ የሚፈቅደው ሹም ከመፈረሙ በፊት መሣሪያው በማን ላይ እንደሚተኮስ ይጠይቅ ነው።

በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. የጸናው የጦር መሣሪያ ንግድ ውል ይህንኑ ያዛል፤ መሣሪያው በሰላማዊ ሰዎች ላይ ለሚፈጸም የጦር ወንጀል እንደሚውል እያወቀ መንግሥት አይፍቀድ ይላል። ሻጮች የሚሸሸጉት «እያወቀ» በምትለው ቃል ሥር ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ በእኛ ክልል ውጊያ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮም በኅዳር 2016 ዓ.ም. ድሮን በሕዝቡ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለዓለም ተናግሯል። ከዚያ ቀን በኋላ የፈረመ ሹም በምን አፉ አላወቅሁም ይላል?