የአክሲዮን ገበያና የፊዚክስ ሊቃውንት ትንበያ

እ.ኤ.አ ኦክቶበር 19 ቀን 1987 ዳው ጆንስ የተሰኘው የኒውዮርክ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በአንድ ቀን ብቻ 22.6 በመቶ አሽቆልቁሏል። በዘመኑ የፋይናንስ ተቋማት ይገለገሉባቸው በነበሩት የተለመዱ ቀመሮች ቢሰላ፣ እንዲህ ዓይነቱ ውድቀት በመላው የዓለም ዕድሜ አንድ ጊዜ እንኳ ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቅ አልነበረም። ቀመሩ የተሳሳተበትን ቦታ በቁጥር ካሳዩት መካከል የፊዚክስ ሊቃውንት ይገኙበታል።

ስታትስቲካል ፊዚክስ እጅግ ብዙ ቅንጣቶች በአንድነት የሚያሳዩትን ባህርይ የሚያጠና የሳይንስ ዘርፍ ነው። የእያንዳንዱን የጋዝ ቅንጣት መንገድ ተከታትሎ ማወቅ ባይቻልም የጋዙን ሙቀትና ግፊት ማስላት ይቻላል። ይህንኑ ስልት ብዙ ሕዝብ በሚገበያይበት ሥፍራ የመጠቀሙ ሙከራ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሉዊ ባሽልዬ እ.ኤ.አ በ1900 በፓሪስ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ የዋጋን መዋዠቅ በዕድል ስሌት የገለጹት፣ አልበርት አንስታይን በፈሳሽ ውስጥ የሚዋልሉ ብናኞችን እንቅስቃሴ በተመሳሳይ ሒሳብ ከመተንተናቸው 5 ዓመት ቀደም ብለው ነው። ስሌቱ ግን ከፍተኛ የዋጋ ለውጥን ፈጽሞ የማይከሰት ያህል አድርጎ ይቆጥር ነበር።

ቤንዋ ማንደልብሮት እ.ኤ.አ በ1963 የጥጥ ዋጋን መርምረው ታላላቅ መዋዠቆች ከተገመተው በላይ እንደሚደጋገሙ አመለከቱ። በ1990ዎቹ ደግሞ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ በዩጂን ስታንሊ የሚመራው ቡድን፣ ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ 500 የተባለውን መለኪያ ጨምሮ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የግብይት መዛግብትን ፈተሸ። ውጤቱም የዋጋ ለውጡ መጠን በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የመከሰት ዕድሉ በ8 እጅ ገደማ እንደሚቀንስ የሚያሳይ ነው። በቀድሞው ቀመር ግን ዕድሉ ከዚህ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የልዩነቱ ምንጭ ነጋዴዎች እርስ በርስ መከታተላቸው እንደሆነ ይታመናል፤ በብረት ውስጥ ያሉ አተሞች ጎረቤታቸውን ተከትለው በአንድ አቅጣጫ ሲሰለፉ ብረቱ ማግኔት እንደሚሆን ሁሉ፣ አንዱ ሲሸጥ ሌላውም ተከትሎ ይሸጣል።

አደጋው የሚደርስበትን ቀን የመተንበዩ ነገር ግን ሌላ ነው። በዚህ ረገድ የታወቁት ዲዲየ ሶርኔት እ.ኤ.አ ጁላይ 2009 የሻንጋይ ገበያ በዚያው ወር መገባደጃ አቅጣጫውን ሊለውጥ እንደሚችል ከባልደረቦቻቸው ጋር አስታወቁ። ገበያው ኦገስት 4 ቀን ጣሪያ ደርሶ በዚያው ወር ከ20 በመቶ በላይ ወረደ። ይህ ቀላል ስኬት አይደለም። ይሁንና እኚሁ ምሁር በ2002 የአሜሪካ ገበያ እስከ 2004 ማሽቆልቆሉን እንደሚቀጥል ተንብየው፣ ገበያው ከ2003 የጸደይ ወራት ጀምሮ ማንሰራራቱ ይታወሳል። የጋዝ ቅንጣት ስለ ራሱ የተነገረውን ትንበያ አይሰማም፤ ነጋዴ ግን ይሰማል፣ ሰምቶም ቀድሞ ይሸጣል፣ በዚህም ትንበያው ራሱ የገበያውን ሁኔታ ይለውጠዋል።

በቀመር ከልክ በላይ መተማመን የሚያስከትለው ኪሳራ በ1998 በተግባር ታይቷል። ከአንድ ዓመት በፊት የኖቤል ሽልማት ያገኙ 2 ምሁራን በአጋርነት የነበሩበት ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለውድቀት ተዳርጎ፣ 14 የፋይናንስ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ሊደግፉት ተገደዋል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም በይፋ ተከፍቷል። የቦስተኑ ጥናት የተመሠረተበትን ያህል የግብይት መዝገብ ለማከማቸት ለአዲስ ገበያ ረጅም ዓመታት ያስፈልጉታል። በመሆኑም በዚህ ስልት የነገን ዋጋ አውቃለሁ የሚል አማካሪ ቢመጣ ስሌቱን የሚያስደግፍበት መረጃ ገና አይኖረውም። ከፊዚክሱ አሁኑኑ ሊወሰድ የሚችለው ከባድ ውድቀት የሚደጋገምበት መጠን ነው፤ ተቆጣጣሪዎች የመጠባበቂያ ካፒታልን መጠን ሲወስኑ፣ ቆጣቢውም ከገንዘቡ ምን ያህሉን አክሲዮን ላይ እንደሚያውል ሲያሰላ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።